ስልሳ ፎቶና የማይጠብቅ ሰሊጥ

ሰሊጥ እንደኔ ያለውን ሰው አይወድም። ማሽላ ይታገሣል፤ ደርሶም ሳምንት ቢያቆዩት ቆሞ ይጠብቃል። ሰሊጥ የደረሰ ዕለት ግን አፉን ይከፍታል፤ በሰዓቱ ካላጨዳችሁት ክረምቱን ሙሉ ሲያጠራቅም የከረመውን ፍሬ መሬት ላይ ዘርግፎ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሩቅ ስታዩት ምንም የጎደለበት አይመስልም። ጠጋ ብላችሁ ስትነቀንቁት ነው ባዶ ዘንግ ይዛችሁ እንደቆማችሁ የምታውቁት።

ይህን የምነግራችሁ የእርሻ ባለሙያ ስለሆንሁ አይደለም። ስልሳ ሰው በር ላይ አሰልፎ የደረሰ ሰሊጥ ያስጠበቀ፣ በመተማም ሆነ በአርማጭሆ ቆላ ከኔ ሌላ ስለመኖሩ ስላልሰማሁ ነው። ሌላው ሰው ሰሊጡ የሚቆይበት በዝናብ ወይም በአጫጅ እጥረት ነው። እኔ ያስጠበቅሁት በጃቫ ነው።

ጃቫ ማለት፣ ለማታውቁት፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ተምሬዋለሁ፤ ያውም ወድጄው። ተመርቄ ገንዳ ውሃ ስመለስ ግን ከተማው ከኔ የፈለገው ሌላ ነገር ሆነ። ወረቀት የዋጠ ፕሪንተር ማስተፋት፣ ማመልከቻ መተየብ፣ ሱዳን ከርሞ የመጣ ሰው ስልኩ ዓረብኛ ብቻ ሲሆንበት ወደ አማርኛ መመለስ። ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤ ይህን ስሠራ ዓመታት አለፉ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ አፌን ሞልቼ ሶፍትዌር ኢንጂነር ነኝ እላለሁ፤ ሰውየውም ከኪሱ ቻርጀር ያወጣና እስቲ ይችን እያት ይለኛል።

ስለዚህ እትዬ ይርገዱ አንድ ቀን ክፍሌ ገብተው ሥራ ይዤልህ መጣሁ ሲሉኝ፣ ሌላ ፕሪንተር ነው ብዬ መፍቻዬን አነሣሁ። እትዬ ይርገዱ የጎንደር ሰው ናቸው፤ በአብደራፊ በኩል ሰፊ የሰሊጥ እርሻ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እርሻውን ብቻቸውን ነው የያዙት። ትራክተር ሲቆም መካኒኩን ቆመው አይጠብቁም፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከሥሩ ይገባሉ። እንዲህ ያለ ሰው ከፊታችሁ ተቀምጦ ችግሩን ሲነግራችሁ፣ የማትችሉትንም እችላለሁ ትላላችሁ።

ችግራቸው ሙሉቀን ነበር። አንድ ሙሉቀን ቢሆን ምንም አይደል፤ ዘጠኝ ነበሩ። በየዓመቱ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሰው ውስጥ ሙሉቀን የሚባል እንደማይጠፋ የታወቀ ነው፤ አምና ግን ዘጠኙም እሳቸው ካምፕ ተሰበሰቡ። ለአንዱ ሙሉቀን የተሰጠውን አጎበር ሌላው ሙሉቀን ወስዶት፣ ያለ አጎበር ያደረው በወባ ተይዞ ሞት አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። እትዬ ይርገዱ ያን ሰው ራሳቸው በፒክአፓቸው ሐኪም ቤት አድርሰው ሌሊቱን አጠገቡ ቁጭ ብለው ነው ያነጉት። ካርድ ታድሎ ነበር፤ ካርዱ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ሲጠሩ ዘጠኙም አቤት ይላሉ። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም ማን ማን እንደሆነ የምናውቅበት ነገር ሥራልኝ አሉኝ።

አንድ ደብተርና አንድ ሙጫ ይበቃ ነበር። የያንዳንዱን ፎቶ አሳትሞ ከስሙ አጠገብ መለጠፍ፤ አለቀ። ይህ ሐሳብ አልመጣልኝም ብል ውሸት ነው። መጥቶልኝ ነበር፤ አባረርሁት። ስንት ዓመት ቻርጀር ሳይ ኖሬ፣ የመጀመሪያውን የጃቫ ሥራዬን በሙጫ ልለውጠው? ሲስተም እሠራልዎታለሁ አልኋቸው። ሲስተም የሚለውን ቃል ስናገር ወንበሬ ላይ ቀና አልሁ።

ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ካምፑ ቢሮ ውስጥ የኔ ላፕቶፕ ይቀመጣል፤ እሱ ሰርቨር ይሆናል፤ ማለት የሁሉም ሰው ስምና ፎቶ እሱ ዘንድ ነው። በሩ ላይ ሌላ አሮጌ ላፕቶፕ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት አጫጁ ወደ ማሳ የሚወስደው የትራክተር ተጎታች ላይ ከመውጣቱ በፊት ለዘበኛው ቁጥሩን ይናገራል። ዘበኛው ቁጥሩን ሲያስገባ ስሙና ፎቶው ይመጣል፤ ፊቱን ከፎቶው ያመሳስላል፤ ያሳልፋል። ማጭዱም፣ ውሃውም፣ ማታ አጎበሩም በዚሁ ይሰጣል።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ የምግብ ቤት ነገር ላወራ ነው። ገንዳ ውሃ አንድ ምግብ ቤት ገብታችሁ ጥብስና የታሸገ ውሃ አዘዛችሁ እንበል። ጥብሱ ወደ ማድ ቤት ይሄዳል፤ ሥጋው ይከተፋል፤ ይጠበሳል። ውሃው ግን ማድ ቤት ምን ይሠራል? አስተናጋጁ ፍሪጁን ከፍቶ ያነሣና ይሰጣችኋል። ሰርቨርም እንዲሁ ነው። የሙሉቀን ስም፣ ቁጥርና ማሳ ተፈልጎ፣ ተገጣጥሞ እንደ ጥብስ የሚሠራ ገጽ ነው። የሙሉቀን ፎቶ ግን ውሃ ነው፤ አንዴ ተቀምጧል፤ ማንም ቢጠይቅ ሳይነካ፣ ሳይለወጥ ይሰጣል። ለዚህ ሲባል ሰርቨሩ ሲሠራ ጀምሮ በውስጡ አንድ ዝምተኛ ሠራተኛ አለው። ምንም አይጠይቅም፣ ምንም አይጽፍም፤ ፎቶ ሲሉት ፎቶ፣ ቀለም ሲሉት ቀለም ከመደርደሪያው እያነሣ ያቀብላል።

እኔ ይህን ሠራተኛ አባረርሁት። አውቄ አይደለም፤ መኖሩንም ልብ አላልሁትም። ዋዜማው ከሰዓት በኋላ እትዬ ይርገዱ በካምፑ ሲዘዋወሩ፣ ያለ ፈቃድ በዚህ በር ዝንብም እንዳይገባ ሲሉ ሰማኋቸው። እኔም ዝንብ የማይገባበት ሲስተም ልስጣቸው ብዬ፣ ኮዱ ውስጥ ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ በኔ ፕሮግራም በኩል ይለፍ የምትል አንዲት መስመር ጨመርሁ። አንድ እዝባርና አንድ ኮከብ ናት። ኮከቧ ሁሉም ማለት ናት፤ ሁሉም ስትል ደግሞ ማንንም አታስቀርም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ውሃ ያዘዘው ሁሉ ወደ ማድ ቤት ተላከ። ማድ ቤቱም ውሃ ስለማያውቅ እንዲህ ያለ ነገር የለንም እያለ ይመልስ ጀመር።

ሞክረኸው አልነበረም ወይ ትሉኛላችሁ። ሞክሬዋለሁ፤ በራሴ ላፕቶፕ ላይ። ግን ብራውዘር የሚባለው የገጽ መክፈቻ አንዴ ያየውን ፎቶ በልቡ ይይዛል፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ሰርቨሩ ዘንድ ሄዶ ከመለመን ከልቡ አውጥቶ ያሳያል። የኔው ብራውዘር ፎቶዎቹን ጠዋት አይቷቸው ስለነበር ከሰዓት በኋላም አሳየኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። በሩ ላይ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ግን አንድም ፎቶ አይቶ አያውቅም።

ፎቶ ያነሣናቸው በዋዜማው ጠዋት ነው። ነጭ አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ወጥረን፣ በስልኬ ከአንድ እስከ ስልሳ። ሥራው ሰርግ ይመስል ነበር። አንዱ ፀጉሬን ሳላበጥር አልነሣም አለ፤ አንዱ ለእናቱ የሚላክ ሙሉ ቁመናው የሚታይበት አንድ እንድጨምርለት ለመነኝ፤ አንዱ ደግሞ የጓደኛውን መነጽር ተውሶ ተነሣና በኋላ መነጽሩ ሲወልቅ ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። የካምፑ ወጥ ሠሪ ጥሩዬም አጎበር ስለሚገባት ተራዋን ጠብቃ ተነሣች፤ ቁጥሯ አሥር ነበር። ቁጥሯን ያዙልኝ፤ ጉድ ያፈላችው እሷ ናት።

አጨዳው የሚጀመርበት ጠዋት ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ከጥሩዬ በቀር ስልሳው ሁሉ በሩ ላይ ተሰለፈ። ሰሊጥ የሚታጨደው በጠዋት ነው። ጤዛው ሳይደርቅ ሲያጭዱት ፍሬውን ይይዛል፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ግን ማጭዱ ሲነካው ይረግፋል። ከካምፑ አጠገብ ያለው ትልቁ ማሳ ከሁለት ቀን በፊት ደርሷል። እትዬ ይርገዱ እሱ ዛሬ በጤዛው ካልተጀመረ አለቀልኝ ብለው ሌላውን ማሳ ሊያዩ ማልደው ወጥተዋል። በሩን ለአያ ደሴ ትተው።

አያ ደሴ የበሩ ዘበኛ ናቸው። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ሥርዓት ከተባለ ነጥብ አይዘሉም። ፎቶውን አይተው ካላመሳሰሉ ማንንም እንዳያሳልፉ ተነግሯቸዋል፤ እሳቸውም መነጽራቸውን በቁምጣቸው ጫፍ ወልውለው ተቀምጠዋል። ቁጥር አንድ ተባለ። አስገቡ። ስም መጣ። ፎቶው መምጣት ባለበት ቦታ ላይ ግን አንዲት ትንሽ የተቀደደች ሣጥን ተሣለች። ገጹም ቀለም የሚባል ነገር የለው፤ ጽሑፉ ሁሉ ግራ ዳር ተለጥፎ የፍርድ ቤት ወረቀት መስሏል። አያ ደሴ ሣጥኗን አዩ፤ ሰውየውን አዩ፤ አይመሳሰሉም አሉ።

አሥር ደቂቃ ስጡኝ አልሁ። በሙያችን አሥር ደቂቃ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። ቢሮ ገብቼ ኮዱን ገለጥሁ። አንድ ልብ ያለው ሰው ቢሆን ያችን ኮከብ አጥፍቶ ይወጣ ነበር። እኔ ግን ፎቶና ቀለም የሚያቀብል ሌላ ፕሮግራም በገዛ እጄ መጻፍ ጀመርሁ። ፎቶውን ከፋይሉ ያነባል፤ ሙሉውን ሜሞሪ በሚባለው የኮምፒውተሩ ማስታወሻ ላይ ይጭናል፤ ከዚያ ይሰጣል። ሠራ። ሮጬ ወጥቼ አሁን ይሞክሩ አልኋቸው።

አያ ደሴ ግን እያንዳንዱን ቁጥር እየፈለጉ መጻፍ ጣታቸውን አታክቷቸው ነበርና፣ ሁሉንም በአንድ ላይ አሳይ የምትለውን ቁልፍ ተጫኗት። ያችን ቁልፍ ለጉራ ያስቀመጥኋት እኔ ነኝ። ስልሳው ፎቶ፣ እያንዳንዱ ስልኬ ያነሣውን ያህል ግዙፍ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ተጠየቀ። ቢሮው ውስጥ ያለው ላፕቶፕ ማራገቢያው ያጓራ ጀመር። ትራክተረኛው ሞተሩን ያስነሣ መስሎት ዞሮ አየ። ከዚያ ዝም አለ፤ ማስታወሻው ሞልቶ ሰርቨሩ ወደቀ። ትራክተረኛው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ብዙ ዓመት የሠራ ሰው ነውና በዚያው አነጋገር ሐላስ፣ አለቀ፣ ብሎ ከወንበሩ ወረደና ከተጎታቹ ሥር ጥላ ውስጥ ተጋደመ።

አንድ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ ገና ለስላሳ ናት። አጫጆቹ ቁጭ ብለዋል፤ ማጭዳቸውን በድንጋይ ይስላሉ። የሚሳለው ለሰሊጡ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ያን ጊዜ ድምፁ ደስ አላለኝም።

ፎቶዎቹን ማሳነስ አለብኝ አልሁ። ለዚህ የሚሆን ፕሮግራም ነበረኝ፤ ስልሳውንም ባንድ አፍታ ያሳንስና ከአንድ ጀምሮ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሰጣቸው። በዚያው እግረ መንገዴን ሰርቨሩ ዳግመኛ እንዳይጨናነቅ ብዬ፣ ለብራውዘሩ አንድ ትእዛዝ ጨመርሁለት፤ ፎቶዎቹን አንዴ ካየህ ለአንድ ዓመት በልብህ ያዝ፣ ተመልሰህ አትጠይቀኝ የሚል። ይህን ስጽፍ በራሴ ብልህነት ፈገግ ማለቴ ትዝ ይለኛል።

አያ ደሴ ሁሉንም አሳይ የምትለውን እንደገና ተጫኑ። ስልሳው ፎቶ ዥጉርጉር ሆኖ ወረደ፤ ገጹም ቀለሙን ለበሰ። ቁጥር አንድ ተጠራ፤ ፎቶው ራሱ ሰውየው ነው። ተመሳሰለ፤ ወጣ። አጫጆቹ አጨበጨቡለት። እኔም ለኔ መስሎኝ አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

ቁጥር ሁለት ከጎጃም የመጣ ሙሉቀን ነው። ዘንድሮም ሙሉቀኖቹ ሰባት ነበሩ፤ ይሄ ትልቁ ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ የሚደርስ፣ ትከሻው በር የሚሞላ። አያ ደሴ ፎቶውን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ወለወሉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ይቺ ጥሩዬ ናት» አሉ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሙሉቀን ከሚለው ስም አጠገብ ወጥ ሠሪዋ ጥሩዬ በአበባ ሻሿ ፈገግ ብላለች። ነገሩ የገባኝ ወዲያው ነው፤ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ማሳነሻ ፕሮግራም ቁጥርን እንደ ሰው አይቆጥርም፤ እንደ ፊደል ነው የሚደረድር። ከአንድ ቀጥሎ ለሱ ሁለት አይደለም፤ በአንድ የሚጀምረው አሥር ነው። ስለዚህ አሥር ቁጥሯ ጥሩዬ ሁለት ሆነች፤ አሥራ አንድ ሦስት ሆነ፤ እንዲህ እያለ ሁሉም የሌላውን ፊት ለበሰ። ቁጥር አንድ ብቻ በቦታው ቀረ፤ እሱ ተጎታቹ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ያየናል።

ሙሉቀን በትከሻዬ በኩል አጮልቆ አየ። «እንዴት ሁኖ ነው እኔ እኔ እማልሆን?» አለ፤ ቁጣ የለውም፤ በእውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው።

አያ ደሴም ሳይቆጡ መለሱለት። ሰውየው አንተ ልትሆን ትችላለህ፤ እዚህ ያለችው ግን ጥሩዬ ናት፤ እኔ የታዘዝሁት ይህን ከዚያ ጋር እንዳመሳስል ነው አሉት። ከዚያ ሦስትን ጠሩ፤ አልመሰለም። አራትን ጠሩ፤ አልመሰለም። እስከ ስልሳ ድረስ አንድ በአንድ፣ ሳይሰለቹ፣ አልመሰለም እያሉ ጠሩ። አንድም ሰው አላሳለፉም።

ሮጬ ገባሁና የፎቶዎቹን ቁጥር በሰርቨሩ ላይ አስተካከልሁ። ይህ ቶሎ ነበር። ሮጬ ወጣሁ፤ ጥሩዬ አሁንም ሙሉቀን ናት። ተመልሼ ገባሁ፤ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ፤ ተመልሼ ወጣሁ፤ ጥሩዬ ፈገግ እንዳለች ናት። ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ነው ትዝ ያለኝ። በሩ ላይ ያለው ብራውዘር እንደታዘዘው እያደረገ ነው። ለአንድ ዓመት ያዝ ብዬዋለሁ፤ ይዟል። አጫጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሲስቁ ጥሩዬ ከወጥ ቤቱ መጣችና የሚያስቀውን አየች። ሙሉቀንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ እኔንም አየችኝ፤ ምን አደረግሁህ አለችኝና ተመለሰች።

አራት ሰዓት ሆኗል። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አንዱ ሙሉቀን ወደ ማሳው ዞሮ ማዳመጥ ጀመረ፤ ሌሎቹም ዞሩ። ነፋስ ሲነካው ሰሊጡ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚንሿሿ። እኔ የገንዳ ውሃ ልጅ ነኝ፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ፍሬው ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ የምሠራው ሁሉ ከእጄ እየወጣ እንደሆነ አወቅሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። የበሩን ብራውዘር ልቡን ማጥራት ይቻል ነበር፤ ሁለት ቦታ መንካት ነው። እኔ ግን ስቸኩል አንዱን ነክቼ ሌላውን ረሳሁት።

የእትዬ ይርገዱ ፒክአፕ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ወረዱ። ተጎታቹን አዩ፤ ቁጥር አንድ ብቻውን ተቀምጧል። ትራክተረኛውን አዩ፤ ተኝቷል። አልጮኹም። ወደኔ መጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ኮከቧ፣ ስለ ዝምተኛው ሠራተኛ፣ ስለ ውሃውና ስለ ማድ ቤቱ፣ ስለ ማስታወሻው መሙላት፣ ስለ አሥርና ስለ ሁለት። ከትራክተር ሥር ሆነው የመካኒክ ቃል እንደሚሰሙ ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጨርሰው ሰሙኝ። እንደሳቸው አድርጎ የሰማኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

«ሰዎቹ የት ናቸው?» አሉ።

«እነዚህ የተሰለፉት ናቸው እትዬ።»

«ታዲያ ፎቶው ባይመጣ፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ የለም እንዴ?»

ዞሬ ሰልፉን አየሁ።

እትዬ ይርገዱ ወደ አያ ደሴ ዞሩ። እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል ወይ ብለው ጠየቋቸው። አያ ደሴ ደግሞ እንዴት አላውቃቸውም አሉ፤ ለፎቶ ያሰለፍኋቸው እኔ ነኝ፣ ሲያድሩም ሲነሡም አያለሁ፤ ሰባቱንም ሙሉቀን እስከነ ወረዳው እስከነ አባቱ አውቀዋለሁ አሉና ከዳር ጀምረው ቆጠሩላቸው። ይሄ የቋሪቱ ነው፣ ይሄ የደጋ ዳሞቱ፣ ይሄ ከወረኢሉ የመጣው ነው፣ ይሄ ያምናው በወባ የተያዘው ነው። ታዲያ ለምን አላሳለፏቸውም ሲባሉ፣ «ፎቶው ካልመሰለ አታሳልፍ ተብያለሁ» አሉ። እትዬ ይርገዱ አያ ደሴንም እኔንም ተራ በተራ አዩንና በሩን ራሳቸው ከፈቱት።

ስልሳ ሰው ተጎታች ላይ ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ? እኔ ያን ቀን አወቅሁ። አንድ ሲጋራ አጭሶ የመጨረስ ያህል ነው። ለዚህ ነበር አራት ሰዓት ሙሉ ያስጠበቅሁ። ሁሉም ከወጣ በኋላ እትዬ ይርገዱ ከተጎታቹ ሥር አንድ ማጭድ አንሥተው አቀበሉኝ። ተቀብዬ ተጎታቹ ላይ ወጣሁ።

ማሳው ዳር ስንደርስ እሳቸው ቀድመው ወርደው ጎንበስ አሉ። ከጥቁሩ አፈር ላይ በመዳፋቸው ዘገኑና ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ነጭ ነው፤ ከአፈሩ ይልቅ ፍሬው ይበዛል። ዳሩ በሙሉ ረግፏል። ቢሰድቡኝ፣ ከዚህ ጥፋ ቢሉኝ እችለው ነበር። እሳቸው ግን መዳፋቸውን አራግፈው ያልረገፈው መሐሉ ነው፣ ከመሐል ጀምሩ ብቻ ብለው ሄዱ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ሰው ክረምቱን ሙሉ ያረሰውን፣ ያረመውን፣ በኮድ አንድ መስመር ላይ ያለች ኮከብ ስታረግፍበት ማየት ከባድ ነው።

ያጨድሁት አጨዳ አይባልም። ማጭዱን እንደ ገጀራ ስወረውረው ትልቁ ሙሉቀን አየኝና እጄን ይዞ አስተማረኝ። ዘንጉን በግራ እጅ ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ከሥሩ በአንድ ጊዜ ሳበው፣ አፉን ምንጊዜም ወደ ሰማይ አድርግ አለኝ፤ ጥሩዬ ማድረጌን እስከ ምሳ ድረስ ሲያነሣብኝ ነበር። ከሱ በቀኝ ያለው ሙሉቀን ግራኝ ነው፤ ስለዚህ ከሱ ራቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። የወረኢሉው ሲያጭድ በአፍንጫው ያንጎራጉራል። ያ መነጽር ተውሶ ፎቶ የተነሣው ልጅ የሰሊጥ ዘንግ ሲያስር ከሁላችን ይፈጥናል። ያምናው የወባ በሽተኛ ሁልጊዜ ኮቱን ሳያወልቅ ነው የሚያጭደው፤ ለምን ብለው ቢጠይቁት ብርድ አንዴ ከገባብኝ ወዲህ አላምነውም ይላል። በሦስት ቀን ማሳውን ጨረስነው። መሐሉ ተርፏል፤ ያሰብነውን ያህል ባይሆንም ተርፏል። እኔም ጀርባዬ እንዴት እንደሚታጠፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረዳሁ።

አራተኛው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ወደ ካምፑ ቢሮ ገባሁና ላፕቶፑን ከፈትሁ። አዲስ ነገር አልጻፍሁም። የጻፍሁትን የፎቶ ፕሮግራም በሙሉ ሰረዝሁት፤ ያን የአንድ ዓመት ትእዛዝ ሰረዝሁት፤ በመጨረሻም ያችን ኮከብ አነሣኋት። ፎቶዎቹን ለዝምተኛው ሠራተኛ መለስኋቸው። የበሩንም ላፕቶፕ አምጥቼ ልቡን አጠራሁለት። ሁሉም ተደምሮ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ከዚያ ሁሉንም አሳይ የምትለውን ተጫንሁ።

ስልሳው ፊት ባንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ወረደ። ከያንዳንዱ ሥር ስምና ቁጥር ተጽፏል፤ ሲስተሙ በትክክል ሠርቷል። እኔ ግን ጽሑፉን አላነበብሁትም። ግራኙ ይኸው፣ የወረኢሉው ይኸው፣ ባለ ኮቱ ይኸው እያልሁ በዓይኔ አለፍኋቸው። ሰባቱንም ሙሉቀን ለየኋቸው። ሰው በሰው መካከል ለሦስት ቀን ጎንበስ ካለ ሌላ ነገር የማያስፈልገው መሆኑ ገባኝና ለብቻዬ ሳቅሁ፤ ትንሽም አለቀስሁ፤ ይህን ለማንም አልነገርሁም።

እትዬ ይርገዱ በሩ ላይ መጥተው ሠራ ወይ አሉኝ። ሠራ አልኋቸው። ወደ ላፕቶፑ መስታወት ጎንበስ ብለው አንድ ሁለቱን አዩ፤ ያምናውን የወባ በሽተኛ ሲያገኙት ጣታቸውን ፊቱ ላይ አሳረፉና ወፍሯል አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «በል ዝጋውና ና፤ ሂላ የሚያቆም ሰው አንሷል» አሉኝ።

ሂላ ማለት የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶው ተደግፎ፣ አፉ ወደ ላይ ሆኖ እንዲደርቅ የሚቆምበት ክምር ነው። በደንብ ካልቆመ ይወድቃል፤ ከወደቀ ከአጨዳው የተረፈው ፍሬ ሁሉ አፈር ውስጥ ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቀን አሥራ አንድ ሂላ አቆምሁ። ከዚያ በኋላ ከእጄ አንዲት ፍሬ አልረገፈችም ብል እዋሻለሁ፤ ካቆምኋቸው ግን አንዱም አልወደቀም። አንዱ ዘመም ብሎ ነበር፤ እሱንም ባለ ኮቱ ሙሉቀን ሲያልፍ አይቶት በትከሻው ገፋ አድርጎ አቀናው።